አባቴ ያዩት ሙከራ

ቲዎሪስት የሆንኩት ወድጄ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ «ንድፈ ሐሳብ ይማርከኛል» እያልኩ ብዙ ዓመት ዋሽቻለሁ። እውነቱ ግን የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌላ ነገር መሆን አይቻልም። ቤተ ሙከራ አለን፤ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚጠፋ ሰውም አለን፤ በሩ ሲከፈት የሚታዩት ግን አቧራ የለበሱ ጠረጴዛዎችና ከካርቶናቸው ሳይወጡ ያረጁ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ሁላችንም እስክሪብቶ ይዘን ቁጭ አልንና ስማችን ቲዎሪስት ሆነ።

የእኔ ዘርፍ ኮንደንስድ ማተር የሚባለው ነው። መዳብ ኤሌክትሪክ እያስተላለፈ ጨው ለምን እንቢ እንደሚል የሚጠየቅበት ትምህርት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። የደከምኩት ደግሞ በሱፐርኮንዳክተሮች ላይ ነው። አንዳንድ ነገሮች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን ያልፍባቸዋል፤ ማግኔት ሲያስጠጓቸው ይገፉታል፤ ማግኔቱም ማንም ሳይነካው ከላያቸው አየር ላይ ተንሳፎ ይቆማል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ሠርቼበታለሁ፤ ሌሎችንም አስመርቄበታለሁ። በዓይኔ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ቢሮ የሚጋራኝ ባልደረባዬ የፓርቲክል ፊዚክስ ሰው ነው፤ የሚጽፈው ባሕር ማዶ ባለ ግዙፍ ማሽን ውስጥ ስለሚጋጩ ቅንጣቶች ነው። ስበሳጭ ሲያይ «አንቺ እኮ ያላየሽው የድንጋይ ቁራጭ ነው፤ እኔ ያላየሁት ከተማ ያህላል» ይለኛል። እንስቃለን። ምን እንደሚያስቀን ግን እኔ እንጃ።

ነገሩን ከሳቅ ያወጡት አባቴ ናቸው። የተወለድኩት ሸዋ ሮቢት ነው። አባቴ ሽንኩርትና ማሾ እያመረቱ ነው ያሳደጉን፤ ዘመድ ሁሉ «ይቺን ልጅ ዳራት» እያለ ሲጎተጉታቸው «ትማር ብያለሁ፣ ትማር» ብለው አፉን ያስያዙልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ የእረፍት ጊዜ ቤት ሄጄ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የሚንሳፈፈው ማግኔት ጋ ስደርስ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም አባዬ፤ ግን በስሌት ሲሠራ...»

«ያላየሽውን ነው እንዴ ለሰው ልጅ የምታስተምሪው?»

ክፋት አልነበረበትም። አባቴ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ በወሰን ወይም በከብት የተጣሉ ሰዎች ፊታቸው ሲቀርቡ ምስክሩን አስቀድመው የሚጠይቁት «በዓይንህ ነው በጆሮህ?» ብለው ነው። በጆሮዬ ያለውን በትሕትና ያሰናብቱታል። እኔንም የጠየቁኝ በዚያው ልማዳቸው ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ፤ ከዚያ በኋላም ክፍል ገብቼ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ድምፃቸው ይመጣብኛል።

በዚያው ሰሞን ዓይናቸው መታመሙ ታወቀ። ደብረ ብርሃን ወሰድኳቸውና ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። እይታቸው ከዳር ወደ መሀል ቀስ በቀስ እየጠበበ እንደሚሄድ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ጠብታ ሳያቋርጡ እያደረጉና እየተመላለሱ እየታዩ ብዙ ዓመት ማቆየት እንደሚቻል አስረዳን። ስንመለስ አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ገብቶ ሲጨልም አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «መጨረሻው እንዲህ ነው የሚሆነው?» አሉኝ። ከዋሻው ስንወጣ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ዓይናቸው ሳይጠፋ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ያን ማግኔት አየር ላይ ቆሞ አሳያቸዋለሁ።

ለሰው ቀላል ይመስላል። ውጭ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ነገር ነው። እኔ ግን ያየሁትን አሳር አላህ ያውቀዋል። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሐሳቤን ሰምተው «ቲዎሪሽን ብትቀጥዪ አይሻልም?» አሉኝ፤ ምክር መሆኑ ነው። ለማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልገኝ ስለነበር ግዥ ክፍል ሄድኩ። የግዥው ሰውዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ናይትሮጅን እኮ ለከብት ነው። ፊዚክስ ላም አለው እንዴ?» አሉ። ቢሮው በሳቅ አውካካ። የሚያናድደው ነገር ሰውዬው አለመሳሳታቸው ነው። በእኛ አገር ፈሳሽ ናይትሮጅን ገጠር ለገጠር የሚዞረው ላም ለማዳቀል ነው፤ የኮርማ ዘር በርዶ የሚቀመጠው በእሱ ነው። ስድባቸውን ውጬ ስወጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ አብሮኝ የተማረ አዳቃይ አለ። ያን ገንቦ መሳይ የናይትሮጅን ዕቃ ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ነው የሚውለው። ደወልኩለት። «ለሳይንቲስቷ የማይሆን ነገር አለ? ከላሞቹ የተረፈውን አመጣልሻለሁ» አለኝ።

የቀረው ድንጋዩን፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተሩን፣ መሥራት ነበር። ዱቄቶቹን ውጭ አገር የሚማር የድሮ ተማሪዬን ለምኜ አስመጣሁ። አደባልቄ በትንሽ ሙቀጫ እጄ እስኪላጥ ፈጨሁ። ብረት የሚያግሉበትን የመካኒካል ክፍል ምድጃ በስንት ልመና አገኘሁ፤ ዱቄቱ ሲግል የሚፈልገውን ኦክስጅን ከብየዳ ቤት ተዋስኩ። ዱቄቱ ምድጃ ውስጥ ቀንም ሌትም ሳይቋረጥበት መጋል፣ ከዚያም በዝግታ መብረድ አለበት። ሲወጣ ጥቁር ከሆነ ተሳክቷል፤ አረንጓዴ ካሳየ ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር አረንጓዴ ይወጣል። መብራቱ ደግሞ ይጠፋል። እንደገና እፈጫለሁ፣ እንደገና አስገባለሁ፣ እንደገና ይጠፋል። ባልደረቦቼ በኮሪደር ሲያልፉ «ዳቦው አልደረሰም?» ይሉኛል። ሁሉንም ታዝቤያቸዋለሁ።

በነዚያ ወራት ቤት ስደውል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር።

«አባዬ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ድንጋይሽስ?»

«ጠብታውን ያደርጋሉ?»

«እንዴታ! ይልቅ ድንጋይሽ ምን ደረሰ?»

መጥቼ ሐኪም ጋ ልውሰድዎት ስላቸው «ሥራሽን ጨርሺ፣ እኔ የት እሄዳለሁ» ይሉኛል። እናቴ ስልኩን ስትቀበል ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱ ደህና ነው ብዬ ወደ ምድጃዬ እመለሳለሁ።

በመጨረሻ ተማሪዎች ለእረፍት ወጥተው ግቢው ባዶ በሆነበት ሳምንት መብራቱ ሳይጠፋ ሰነበተ። የምድጃውን በር ስከፍት የካፖርት ቁልፍ የምታክል፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለች ክብ ነገር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ላቅፈው የምችል ሰው ቢኖር ኖሮ የግዥውንም ሰውዬ ቢሆን አቅፈው ነበር።

የዚህ ድንጋይ ጠላቱ ውሃ ነው። እርጥበት ከነካው ውስጡ ይፈርሳል። ስለዚህ በጨርቅ፣ ከዚያም በፕላስቲክ ጠቀለልኩት፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ከሰው ሁሉ ለምኜ አብሬ አሸግኩበት። ጣርማ በር ላይ ጉሙ የአውቶቡሱን መስኮት ሲያለብሰው ሻንጣዬን ከእግሬ ሥር አንስቼ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ያዝኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወርቅ የያዝኩ መስሏቸው ሲሰልሉኝ ነበር። ቆላው ውስጥ ገብተን ያ ደረቅ ሙቀት ፊቴን ሲመታኝ ነው የተነፈስኩት።

አባቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ድምፄን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ናፍቄያቸው ነው አልኩ። ማታ እናቴ የውሃውን ኩባያ እጃቸው ላይ ስታስይዛቸው አየሁና «አባዬን አሞላቀቅሻቸው» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። ማሳ መሄድ ትተዋል፤ ሙቀቱ ከብዶኝ ነው አሉ። ወደ መስጊድ ሲሄዱ ጎረቤት መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ለእርጅናቸው የተደረገ አክብሮት መሰለኝ። ዓይን እያለኝ ያላየሁት ይህን ሁሉ ነው።

አዳቃዩ ናይትሮጅኑ ከዞን እስኪመጣለት ጥቂት ቀን ታገሽኝ አለኝ። ድንጋዩን ከነጥቅሉ ጓዳ፣ የእናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። በመካከሉ እየተነሳሁ ላየው ይዳዳኝ ነበር፤ አየር እንዳይነካው ብዬ ተውኩት።

የተባለው ቀን ደረሰ። ከዙሁር ሰላት በኋላ አዳቃዩ ሞተሩን እያንደቀደቀ ግቢያችን ገባ። ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ አወጣን። ከቴሌቪዥን ካርቶን የተረፈ ነጭ ፎም ጎድጓዳ አድርጌ ቆርጬ መሀሉ ላይ አኖርኩ። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ያወጣኋት ጥፍር የምታክል ማግኔትም ተዘጋጅታለች። አባቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ለኒካሕ የተጠሩ መስለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጥቅሉን ላመጣ ጓዳ ገባሁ።

የጥቅሉ ፕላስቲክ የለም። ከረጢቶቹም የሉም። ድንጋዩ ርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ነው። ስገልጠው ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ፊቱ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል።

«እማዬ! ማን ነው የፈታው?»

«እኔ ነኝ፤ ምነው?» አለች፣ ከኋላዬ መጥታ። «ዱዓ አድርጌ በዘምዘም አጠብኩልሽ። እዚያ ላይ ያደረግሽውን ከረጢት ሁሉ አውጥቼ ጣልኩት፤ የአይጥ መርዝ መሰለኝ፤ በረካ ከመርዝ ጋር ይቀመጣል እንዴ?»

«ውሃ ይገድለዋል እኮ እማዬ! ውሃ ነው የሚገድለው!»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ዘምዘም ውሃ ነው እንዴ?» አለች።

ምን ልበላት? አንድ ጎረቤት ከሐጅ ያመጣችላት ጠርሙስ ናት፤ ለከባድ ሕመም ካልሆነ ክዳኗ አይነሳም። ያላትን ትልቁን ነገር ነው የሰጠችኝ። ጮክ ብዬ መሳደብ፣ ግድግዳውን መደብደብ አማረኝ። በዚህ አገር ድንጋይን ከጉም፣ ከመብራት መቆራረጥ፣ ከቢሮክራሲ ማዳን ይቻላል፤ ከእናት ፍቅር ግን በምን ይድናል? ድንጋዩን በቀሚሴ ጫፍ ጠራርጌ ይዤው ወጣሁ። መሀሉ ላይ ትንሽ ጤና ተርፎት ይሆናል አልኩ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ እንዲህ ያስባል።

ፎሙ ውስጥ አስቀመጥኩት። አዳቃዩ ዕቃውን ከፍቶ ናይትሮጅኑን ቀዳልኝ፤ ነጭ ጢስ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ፈሳሹ እንደ ጠላ ተንቸፈቸፈ። መፍላቱ እስኪረጋ ጠበቅን። ከዚያ ማግኔቷን በወረንጦ ይዤ ድንጋዩ ላይ አኖርኳት።

ቁጭ አለች። ማንኛዋም ጠጠር ሌላ ጠጠር ላይ እንደምትቀመጥ ቁጭ አለች። ነካ አደረግኳት፤ ተንሸራታ ወደቀች። መልሼ አስቀመጥኳት፤ ያው ነው። ናይትሮጅን አስጨመርኩና በደንብ ይቀዝቅዝ ብዬ ማግኔቷን አንስቼ በእጄ ጨበጥኳት። አዳቃዩ ከንፈሩን መጠጠ። እናቴ ሻርቧን አፏ ላይ አደረገች። ሁላችንም ዝም አልን።

አባቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተነሳ!» አሉ። «ማሻአላህ! ተነሳ፣ አየሁት!»

ማግኔቷ እጄ ውስጥ ናት። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው በደስታ በርቷል፤ የዞረው ግን ወደ ጠረጴዛው አይደለም። አዳቃዩ መሬት ላይ ወዳስቀመጠውና ሽሽ እያለ ወደሚተነፍሰው የናይትሮጅን ዕቃ ነው። ዝም ስንል ጊዜ ተደንቀን ነው ብለው ገምተዋል።

አዳቃዩ እኔን አየ፤ እናቴን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «አዎ ጋሼ፣ ተነስቷል። እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለ። ዕድሜ ይስጠው። ሌላ ቃል ሳይናገር ዕቃውን አስሮ ሄደ።

እናቴን ማድቤት ተከትያት ገባሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እማዬ!»

እንጨቱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ከአረፋ በፊት ጀምሮ ነው» አለች። «አንድ ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ጠብታው ከፋርማሲው ጠፋ። ሲከፈት ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው፣ ከእሷ በቀር ማን ይዞኝ ይዞራል፣ ከጠራኋት ደግሞ ድንጋይዋን ጥላ ነው የምትመጣው አለ። እንዳትነግሪያት ብሎ አስማለኝ። ወላሂ ስንት ጊዜ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሩኝም?»

«ሩቅ ላለ ሰው፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ ይነገራል እንዴ ልጄ?»

አይነገርም። ልማዳችን ነው፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ለፈተና የተቀመጠ ልጅ የአያቱ ሞት ይደበቅበታል፤ ዐረብ አገር ያለች እህት ቤቱ ቢቃጠል «ሰላም ነን» ትባላለች። ደግነት ነው እንለዋለን። ያን ቀን ደግነታችንን ከነሥሩ ጠላሁት። አንድ ሰው፣ አንድ ክፉ ሰው እንኳ ጠፍቶ ነው ደውሎ እውነቱን የሚነግረኝ? እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የሙቀቱን ቁጥር ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔ እንዳልረበሽ ብለው በዝምታ ይታወሩ ነበር። ድንጋዩ ቢሠራም ኖሮ ያው ነበር። ላሳያቸው ብዬ የለፋሁበት ጊዜ ራሱ ነው ማየታቸውን የበላው።

ወደ ውጭ ተመለስኩ። ጢሱ በንኗል። ድንጋዩ ፎሙ ውስጥ ላብ አውጥቶ ተቀምጧል። አባቴ እግሬን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ነይማ። ስንት ያህል ነው ከፍ ያለው? አይቼዋለሁ እኮ፤ መስጊድ ስነግራቸው እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጃቸውን ያዝኩና አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን በትንሹ አራራቅኳቸው።

«ይህን ያህል፣ አባዬ።»

በሌላኛው እጃቸው ክፍተቱን ዳሰሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ» አሉ። «እኔም ያየሁት ይህንኑ ያህል ነው።» እንዳይዛነፍባቸው ጣቶቻቸውን እንዳራራቅኳቸው ይዘው፣ የአስር ሰላት አዛን እስኪሰማ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። እኔም ጉልበታቸው ሥር ሆኜ አለቀስኩ። ፊቴን መሸፈን አላስፈለገኝም፤ ድምፅ ካላሰማሁ ይበቃ ነበር።